ለጋሼ የዘገየው መርዶ

ሥራዬ ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ መተየብ ነው። ጠበቃ ለማቆም አቅም ያጣ ሰው ይመጣና ጉዳዩን ይዘረግፍልኛል፤ እኔ አስተካክዬ እጽፍለታለሁ። ሰው ሲዋሽ ስሰማ ስለምውል ውሸት ከሩቅ ይሸተኛል፤ ከሸተተኝ ደግሞ ዝም አልልም። እናታችን «አንቺን የሚያገባ ሰው አስቀድሞ ጆሮውን ይድፈን» ትለኝ ነበር። ይህን ያህል የምመጻደቅ ሴትዮ ነኝ እንግዲህ ታላቅ ወንድሜን «እማ ደህና ናት፣ ሰላም በዪው ብላኛለች» እያልኩ የከረምኩት። እማ ከተቀበረች፣ የለቅሶው ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ማለት ነው።

ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። የሒሳብ አስተማሪ ነበር። አባታችን የሞተ ጊዜ መርዶውን ሲሰማ አላለቀሰም። ተነስቶ ከለቅሶ ቤት ወጣ፤ ለሽንት የወጣ መስሎን ነበር። ስንፈልገው ሰንብተን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ አገኘነው። ጫማውን ጥሎ፣ እኛ ከማናየው ሰው ጋር ይከራከራል። ሕመሙ በዚያ ጀመረ። ሲሻለው ያስተምራል፤ ሲብስበት ድምፅ ይሰማዋል፣ ሰው ሁሉ ስለ እሱ የሚያወራ ይመስለዋል። እኛ ሌሎቻችን አልፎ አልፎ ይደክመናል፣ መቼም ሰው ነን። እማ ግን መድኃኒቱን በእጇ ካላዋጠችው እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።

ባለፈው ዓመት ብሶበት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እማ ሞተች። ልቧ ነው፤ ድንገት ነው። እንደ እስልምና ደንባችን በዚያው ቀን ተቀበረች። ከቀብር እንደተመለስን የእማ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ቤተሰቡንና ሽማግሌዎቹን ለብቻ ሰበሰበ። መርካቶ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ፣ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ መናገር የማይወድ ሰው ነው። «የአባቱ መርዶ ምን እንዳደረገው አይታችኋል» አለ። «እስኪበረታ ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።» ሽማግሌዎቹ ልክ ነህ አሉት። እኔም ልክ ነህ አልኩት።

ሌላ ምን ልል ኖሯል? በእኛ ዘንድ መርዶ ለእርጉዝ አይነገርም፣ ለታመመ አይነገርም፣ ሰው አገር ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ጊዜው ይጠበቃል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ቤቱ ተሂዶ በሰው መሐል ይነገረዋል። እስከዚያው የሚያውቅ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ይህን ክፋት ነው የሚለኝ ካለ በዚያች ሰዓት የጋሼን አልጋ አጠገብ ይቁምና «እናትህ ሞተች» ይበለው። እኔ አልቻልኩም።

«ደሴ ሄዳለች» አልነው። የእማ ታላቅ እህት ደሴ ናት የምትኖረው፤ እሷ ታማ እያስታመመቻት ነው ተባለ። ከሆስፒታል ወጥቶ እኔ ጋ፣ ያው የእማ ቤት ማለት ነው፣ ኮንዶሚኒየሙ ሲገባ ሕንፃው ሁሉ አብሮን ዋሸ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ከሕንፃው ሥር ያለችው ባለሱቅ ጋሼ ብቅ ሲል ወሬዋን ትለውጣለች። ከእኛ በላይ የሚኖሩት እትዬ፣ የልደታ ማርያም ነገር የማይሆንላቸው ሴትዮ፣ ደረጃ ላይ አግኝተውት «እናትህ መቼ ነው የምትመጣው? ናፈቀችኝ እኮ» ብለውታል። ይህን ያህል እንኳ አልጠየቅናቸውም ነበር። ቤታቸው ገብተው ሲያለቅሱ ሰማኋቸው።

የእኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ከተማው ሰፊ ነው፣ ሁሉም የእኛን ስምምነት አያውቅም። አንዱ የድሮ ጎረቤት ሰንጋ ተራ ታክሲ ተራ ላይ አግኝቶት «አላህ ይዘንላት፣ እናትህ ደግ ሴት ነበረች» ቢለውስ? ይህን እያሰብኩ የሰው ማመልከቻ ላይ የከሳሽንና የተከሳሽን ስም አቀያይሬ ጽፌ ተሰድቤአለሁ። ሲወጣ አብሬው እወጣለሁ፤ ሰላም የሚለን ሰው ሁሉ አፍ አፉን አያለሁ። የሰው ዕቃ እንደያዘ ሌባ ሆንኩ ማለት ነው፤ የያዝኩት ደግሞ የእናቴን ሞት ነው። ራሴም አልቅሼ አልወጣልኝም። በገዛ ቤቴ እናቴን ማልቀስ አልችልም ነበር፤ ዓይኔ ካበጠ «ምን ሆንሽ?» ይለኛላ።

ጋሼ በየቀኑ ይደውልላት ነበር። ስልኳን አጥፍቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀብሬዋለሁ። «ኔትወርክ የለም» አልነው። በማግስቱም ደወለ። ኔትወርክ ስንት ቀን ይጠፋል? አጎቴ መላ አመጣ። የአክስቴ ድምፅ ከእማ ድምፅ ቁርጥ ነው፣ ሳቃቸው ሳይቀር። «ትደውልለትና ሁለት ቃል ትበለው፤ ልቡ ይረፍ» አለ። አክስቴ እምቢ አለች፣ አለቀሰች፣ በመጨረሻ «ልጁ ከሚታመም» ብላ እሺ አለች። ወደ እኔ ስልክ ደወለች። «ልጄ፣ ደህና ነኝ፤ አክስትህ ስላልተሻላት ነው የቆየሁት፤ መድኃኒትህን ውሰድ» አለችው። ጋሼ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሳያቋርጣት ሰማት። «እሺ እማ» አለ። ስልኩን መለሰልኝና ክፍሉ ገባ።

ከዚያ ወዲያ አልደወለም፤ ስለ እማም አልጠየቀም። «ተሳካ» አለኝ አጎቴ። ወላሂ እኔም ተሳካ ብዬ ነበር።

አልተሳካም። ምግብ መቀነስ ጀመረ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሳናግረው «እሺ» ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። መድኃኒቱን ይውጣል፣ ድምፅ አይሰማኝም ይላል፣ አይጮህም፣ አይሳደብም፤ ግን ሰውየው እየጠፋ ነው። ጸጉሩን እንዲቆረጥ ለመንኩት፤ «ለማን ብዬ?» አለኝ። ያን ቀን ራሱ ላይ የሆነ ነገር ሊያደርግ ነው ብዬ ቢላውን ሁሉ ከወጥ ቤት አነሳሁ። ሽንኩርት የምልጥበት አጥቼ እትዬ ጋ እሄድ ነበር።

ስለ ጤና ጣቢያችን ልናገር። ድሮ ጋሼን ለማሳከም ከተማውን አቋርጠን እንሄዳለን፣ ተሰልፈን ስንመለስ ይመሻል። አሁን የእኛ አገር ሐኪሞችና የውጭ አገር ሐኪሞች ተባብረው የአእምሮ ሕክምናን ሰፈር ድረስ አምጥተዋል፤ የእኛም ጤና ጣቢያ አንድ ክፍል ተሰጥቶታል። ድሮ ክትባት ስትወጋ የነበረችው ሲስተር ሠልጥና እዚያ ገባች። በየሳምንቱ ከበድ ያለውን ጉዳይ በኮምፒውተር ከእኛው ዶክተርና ባሕር ማዶ ካሉ ዶክተር ጋር ትመካከርበታለች። ፈረንጇ ዶክተር ደግሞ አልፎ አልፎ ራሳቸው ይመጣሉ። እኔ መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። «የእርዳታ ነገር ሪባን ሲቆረጥ ያምራል፤ መቀሱ ሳይደንዝ ይዘጋል» ብዬ ለሲስተር ፊት ለፊት ነግሬአታለሁ። አልተዘጋም። እውነቱን ለመናገር ጋሼን ከሆስፒታል ወዲህ በእግሩ ያቆመው ያ ክፍል ነው።

ፈረንጇ ዶክተር በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ከሰዓት በኋላም ቢሆን «እንደምን አደራችሁ» የሚሉ ሴት ናቸው። ባለፈው ሲመጡ እማ በሕይወት ነበረች፤ ቆሎ ቆልታ በላስቲክ ቋጥራ ሰጥታቸዋለች። በዚህ ጊዜ ሲመጡ ሲስተር የጋሼን ጉዳይ አቀረበች። እኔም እንድገኝ ተጠራሁ። የእኛው ዶክተር፣ መነጽር ያደረገ ልጅ እግር ሐኪም፣ መሐል ሆኖ ይተረጉማል። ሲስተር አለመብላቱን፣ አለማውራቱን፣ ግድግዳ ማየቱን ሁሉ ዘረዘረች። ዶክተሩ «ሕመሙ እየተመለሰ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱን ከፍ እናድርገው» አለ። እኔ ዝም አልኩ። ሲስተርም ዝም አለች።

ሲስተር ታውቃለች እኮ! ቀጥሎ ያለው ሕንፃ ላይ ነው የምትኖረው፤ በእማ ለቅሶ ላይ ውኃ ስታዞር ነው የሰነበተችው። ግን እሷም የሰፈር ሰው ናት። መርዶው ገና ስላልተነገረ ለሐኪሞቹም አልተናገረችም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዱ ረስቶ ጋሼ ፊት ቢያነሳውስ ብላ ነው። እናም እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ዶክተሮች የጋሼን ዝምታ በመድኃኒት ሊያክሙት ሲመክሩ፣ ሁለት የልደታ ሰዎች ምክንያቱን እያወቅን ጣሪያ ጣሪያውን እናያለን።

ከዚያ ጋሼ ገባ። ፈረንጇ ዶክተር እጁን ይዘው ሰላም አሉት፣ ፈገግ አሉና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቁት። የእኛው ዶክተር ተረጎመው፤ «እናትህ እንዴት ናቸው? ዛሬ ለምን አልመጡም?»

ሲስተር እስክሪብቶዋን ጣለችና ልታነሳ ጎንበስ አለች፤ ቀና ለማለት ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

«ደሴ ናት» አለ ጋሼ። «ደህና ናት ይሉኛል።»

ፈረንጇ መልሱን በትርጉም ከሰሙ በኋላ እሱን ሳይሆን እኔን አዩኝ። እኔ ደግሞ የማየውን አጥቼ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ሌላ ጥያቄ ጠይቀውት፣ ክብደቱን ከለኩ በኋላ ሲስተር ይዛው ወጣች። በሩ እንደተዘጋ «ሞታለች» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ አፌ ብቻውን ተናገረ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የአክስቴን ስልክ ሳይቀር። አፌ ሲከፈት እንዲህ ነኝ።

የእኛው ዶክተር ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «እንዴት ለእኛ አይነገርም?» አለ። ተቆጣሁ። «አንተስ ያገሬ ልጅ አይደለህም? መርዶ እንዴት እንደሚያዝ አታውቅም?» አልኩት። ያውቃል። ፈረንጇ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። መጀመሪያ ስለ እማ ነበር የተናገሩት። ቆሎውን አገራቸው ድረስ ወስደው ከልጃቸው ጋር እንደበሉት አወሩ። ቀጥለው «ሊነገረው ይገባል» አሉ። «እኛ አገር ቶሎ እንናገራለን፤ በጸጥታ፣ ሁለት ሦስት ሰው ሆነን፣ ተቀምጠን።»

«እርስዎ ይናገራሉ» አልኩ። «ተናግረው በአውሮፕላን ይሄዳሉ። ከእሱ ጋር የምቀረው እኔ ነኝ። ጫማውን ጥሎ የሄደ ዕለት መንገድ ለመንገድ የምዞረው እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ ለመተርጎም አመነታ። «ተርጉምላቸው እንጂ» አልኩት። ተረጎመው። ሴትዮዋ ይቀየሙኛል ብዬ ነበር፤ ራሳቸውን ነቀነቁና «ልክ ናት» አሉ። «እንግዲያ ንገሪኝ፤ እናንተ እንዴት ነው የምትናገሩት?»

ነገርኳቸው። ማለዳውን፣ ዘመዱን፣ ሽማግሌውን፣ ለቅሶውን። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አየሁ። ሰው ሁሉ ስለ እኔ ያወራል ለሚል በሽተኛ፣ ከእንቅልፉ ሲነሳ ያን ሁሉ ሰው ቤቱ ውስጥ ማግኘት ምን ያደርገዋል ነው የሚሉት። የእኛው ዶክተር በዚህ ላይ አልተስማማም። «ሰው ሳይመጣ ከተነገረው እናቱ እንደ ሰው እንዳልተለቀሰላት ነው የሚቆጥረው» አለ። ሁለቱ በእንግሊዝኛ ተከራከሩ፤ ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹ አመለጠኝ። አንዱ ሌላውን ለማሸነፍ የሚከራከር አልመሰለኝም፤ ሁለቱም ፈርተዋል። እኔ የፈራሁትን ያህል የፈራ ሐኪም ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አላለኝም፤ ሐኪም ሲፈራ ማን ደስ ይለዋል?

በመጨረሻ ተስማሙ። መርዶው በደንቡ ይነገረዋል፤ መድኃኒቱ አይነካም። ቤት የሚገባው ዘመድና የቅርብ ጎረቤት ብቻ ነው። ሲስተር አጠገቡ ትሆናለች። በሩ ክፍት ይሆናል፣ መውጣት ከፈለገ ይወጣል፣ ሰው ይከተለዋል እንጂ አይዘውም። ፈረንጇ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ቀን ደርሷል፤ ከዚያ በፊት ይሁን፣ ከሄድኩም በኋላ በየቀኑ በኮምፒውተር እከታተላለሁ አሉ።

«ምንም አይሆንም ይበሉኝ» አልኳቸው።

«እሱን አላውቅም» አሉ። «ሊታመም ይችላል።»

እኔ ፍርድ ቤት ደጅ የዋልኩ ሰው ነኝ፤ ዋስ ያልተጠራበት ነገር አላምንም። ዋስ የለም። ሁለት አገር ሙሉ ሐኪም ተቀምጦ ለአንድ ለወንድሜ ዋስ የሚሆን ጠፋ። ተናድጄ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ደጅ ላይ ጋሼ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። «ምን አሉ?» አለኝ። «ደህና ነህ አሉ» አልኩት። ያችን ውሸት እስከ ዛሬ ትጎረብጠኛለች።

አጎቴ ሲሰማ ቁጣው ጣሪያ ነካ። «ፈረንጅ ናት መርዶ የምታስተምረን?» ብሎ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ እኔ ከኋላው እየሮጥኩ። ክፍሉን ሳያንኳኳ ገባ። ፈረንጇ ዶክተር ቆሙለት። ከሲስተር ያጠኑትን፣ አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ «ስለ እህትዎ አዝኛለሁ። አላህ ያጽናዎት» አሉት። አጎቴ የተዘጋጀበትን ስድብ ረሳው። ለእህቱ ለቅሶ ከቆመበት ቀን ጀምሮ የጋሼን ነገር ሲያብሰለስል፣ እሱን ራሱን አጽናንቶት የሚያውቅ ሰው ስለመኖሩ እንጃ። ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቆይቶ «እኔ እሷን ቀብሬአለሁ» አለ፤ «ልጇን ደግሞ መቅበር አልፈልግም። የምፈራው ይህን ነው።» ዶክተሩ ተረጎመው። ብዙ አወሩ። ሲነሳ «የምነግረው እኔ ነኝ» አለና ወጣ።

አክስቴ ከደሴ መጣች። ጋሼ እንዳያያት ዋዜማውን እትዬ ቤት አደረች። እኔ ስንት ነገር አሰብኩ። ፎቅ ላይ ነን፤ መስኮቱን በምስማር ልምታው ብዬ ምስማር ገዛሁ፤ ደግሞ ቢያየኝ ምን እለዋለሁ ብዬ ተውኩት። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ነገር ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። ጋሼ እራት ላይ «ምን ሆነሻል?» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጠየቀኝ፣ ያውም ያን ምሽት። ራሴን አሞኛል አልኩት። ከመድኃኒቱ ሣጥን ማስታገሻ አምጥቶ ሰጠኝ፤ በውኃ ዋጥኩት።

በማግስቱ ከሱብሂ፣ ከንጋቱ ሶላት በኋላ ሰዉ ከመስጊድ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። ጫማውን ኮሪደር ላይ እያወለቀ፣ በእግሩ ጣት እየረገጠ ገባ። ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ወጥ ቤቱ በር አካባቢ ተቀመጡ። ፈረንጇ ዶክተር ሻሽ አስረው መጥተዋል፤ ሻሹ እየሸሸ ያስቸግራቸዋል፣ እትዬ በየደቂቃው ያስሩላቸዋል። ያ ጉልበታቸው እያመማቸው ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። አክስቴ ውስጥ መግባት ፈርታ በሩ ሥር ተኮራምታለች።

ጋሼ ግን ተኝቷል። መድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት ይጫነዋል፤ ይህን ያህል ሰው ስንማከር ይህን ያሰበ የለም! አጎቴ «ይቀስቀስ» አለ። ሲስተር «አይሆንም፤ ራሱ ይንቃ» አለች። ስለዚህ ጠበቅን። ያ ሁሉ ሰው ለቅሶውን ይዞ አንድ ሰው ከእንቅልፉ እስኪነሳ ተቀመጠ። አንዱ ሳለ፤ ሁሉም ዞሮ አየው። የሆነ ሰው ስልክ ጮኸና በቂጡ ተቀመጠበት። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ሄጄ ምንም ሳልሸና ተመለስኩ። «አብሽሪ» አለኝ አጎቴ። እሱ ራሱ መቁጠሪያውን ቆጥሮ ሳይጨርስ እንደገና ይጀምራል።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ጋሼ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ዓይኑን እያሸ ወጣ። ሰዉን አየ። በማለዳ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ያገኘ ሰው ምን እንደሆነ አይጠይቅም።

«ማን ነው?» አለ።

አጎቴ ተነሳ። «እናትህ ናት» አለው። «እናትህ ወደ አኼራ ሄዳለች። ሁላችንም የአላህ ነን፣ ተመላሻችንም ወደ እሱ ነው።» ሴቶቹ ለቅሶውን ዝቅ አድርገው ጀመሩት። እኔ አላለቀስኩም፤ የጋሼን እግር ነበር የማየው። አላለቀሰም። ልክ እንደ ያኔው አላለቀሰም። ፎጣውን ከትከሻው አወረደና ወደ ክፍቱ በር አመራ።

አለቀልን አልኩ። አጎቴ እጁን ሊዘረጋ ሲል ሲስተር በዓይኗ ከለከለችው። ፈረንጇ ዶክተር ከፍራሹ ለመነሳት ግድግዳውን ያዙ። ጋሼ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። እግሩ ሥር አክስቴ አለች። ጎንበስ ብሎ አያት።

«ያኔ የደወልሽልኝ አንቺ ነሽ» አላት። እየጠየቃት አልነበረም።

አክስቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አውቄሽ ነበር። የእማ ድምፅ እኔን ይጠፋኛል? እኔን ማነጋገር አስጠልቷት አንቺን ያስደወለችሽ መስሎኝ ነበር።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ቤቱ ውስጥ ያለን ሁሉ ወለል ወለሉን አየን። ጋሼ ወደ እኔ ዞረ።

«መቼ ነው የሞተችው?»

«አንተ ሆስፒታል ሳለህ።»

«ከስልኩ በፊት?»

«ከስልኩ በፊት ነው።»

ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲፈታ አየሁ። «እንግዲያ አልሰለቸኋትም» አለ፤ መልስ ይጠብቃል።

«አልሰለቸሃትም ጋሼ» አልኩት። «ሞታ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። እዚያው በሩ ሥር አክስቴ አጠገብ ተቀመጠና እናቱ እንደሞተችበት ሰው ሁሉ አለቀሰ።